የፕላስቲክ የቸርኬ ሽፋን ፍሬን ያግላል ወይስ አያግልም?

ቪትዝ ዘአዳማ፦
ሰላም ለመድረኩ አባላት። እውቀት ያለው ሰው እንዲዳኘን የምፈልገው ክርክር አለ። የምነዳት ቪትዝ ናት፤ ቸርኬዋ ብረት ነው፣ በላዩ ላይ ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ ሽፋን ተገጥሞለታል። በሥራ ምክንያት በአዳማና በአሰላ መካከል እመላለሳለሁ። በቅርቡ ከአሰላ ወርጄ አዳማ እንደገባሁ ከፊት በቀኝ በኩል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መኪናዋን አቁሜ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ የዚያ ጎማ ሽፋን መሃሉ ለስልሶ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የሌሎቹ ሦስቱ ምንም አልሆኑም።

ጎማ የሚሠራልኝ ልጅ «ሽፋኑ ፍሬኑን አፍኖት ነው፤ አራቱንም አውልቀህ ጣል» አለኝ። ሽፋኑን የሸጠልኝ ሰው ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ሽፋን ገጥሞ የሚያወጣው መኪና ስንትና ስንት ነው፣ ይህ ሰበብ አይሆንም ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። በዚህች መኪና ባለቤቴና ልጆቼም ይሄዳሉና ነገሩን ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሽፋን የፍሬንን ሙቀት ይጨምራል? ከጨመረስ ምን ያህል?

የወንጂ ልጅ፦
አውልቀው ወንድሜ፣ ምን ያከራክራል? ፍሬን የሚተነፍሰው በቸርኬው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን በፕላስቲክ ደፍነህ ቁልቁለት ስትወርድ ሙቀቱ የት ይሂድ? የጭነት መኪናዎችን ተመልከት፤ የፕላስቲክ ሽፋን ገጥሞ ጭነት የሚያወርድ አላየሁም። ውበት ከሕይወት አይበልጥም።

ባለጋራዡ፦
ልጄ፣ መልሱን ጥያቄህ ውስጥ ራስህ ጽፈኸዋል። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ሽፋን አንድ ዓይነት ነው። የፊት ግራና የፊት ቀኝ ፍሬን ደግሞ እኩል ነው የሚሠሩት። ጥፋቱ የሽፋኑ ቢሆን የግራውም አብሮ ይለሰልስ ነበር። አንዱ ብቻ ከተቃጠለ፣ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። ሽፋኑን ብታወልቀው ምልክቱን ታጠፋለህ እንጂ በሽታው እዚያው ይቀመጣል።

ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሁለት ሸራ ጨብጦ የሚይዘው የቪትዝ የፊት ካሊፐር አንድ ፒስተን ነው ያለው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የውጭውን ሸራ ይስባል። ፒኖቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ላስቲኩ ሲቀደድ አቧራና ውኃ ይገባል፣ ግሪሱ ይደርቃል፣ ፒኑ ዝገት ይይዛል። ከዚያ በኋላ እግርህን ከፔዳሉ ብታነሳም ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሄዳል። ሸራዎቹን አውጥተህ አስተያያቸው። አንዱ ሳስቶ ሌላው ወፍራም ከሆነ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

ቤትህ ልትሞክረው የምትችለው እንዲህ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፣ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሳና ማርሹን ዜሮ አድርገህ በእጅህ አሽከርክረው። ከዚያ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይልቀቅ፤ እንደገና አሽከርክር። ከተረገጠ በኋላ ከከበደህ ይዟል። ጋራዥ ስትሄድ ደግሞ መካኒኩ የካሊፐሩን አየር ማውጫ ትንሽ ይክፈተው። ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ጎማው ወዲያው ከለቀቀ ፒስተኑና ፒኑ ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከበላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ፈሳሹን አልመልስ ብሎ ነው። ቱቦው ከውጭ ሲታይ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ በዚህ የተነሳ ካሊፐር ሁለት ጊዜ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። በክሪክ ብቻ አስደግፈህ ግን ከመኪናዋ ሥር እንዳትገባ።

ቪትዝ ዘአዳማ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ነገር ማንም አልነገረኝም። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። ግን ጥያቄዬ ባለበት ነው፤ ሽፋኑ ምንም ድርሻ የለውም?

ቁጥር ወዳዱ፦
ድርሻ አለው፤ ግን መጠኑን ለማወቅ ከሙቀቱ ምንጭ መጀመር ያስፈልጋል። ሜካኒካል ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ፍሬን የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ሰውና ዕቃን ጨምሮ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደች ብትቆም 300 ሺህ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ወደ ፊት ፍሬኖች ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 100 ሺህ ጁል ያህል ይደርሰዋል። 5 ኪሎ የሚመዝን የብረት ዲስክ በዚህ ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ቆማችሁ እስክታበቁ ድረስ ሙቀቱ በሙሉ ዲስኩ ውስጥ ነው ያለው፤ አየሩ ገና ምንም አልወሰደለትም። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ መቆም ሽፋን ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። ሽፋን የሚነካው ማቀዝቀዙን ብቻ ነው። ዲስኩ ሙቀቱን ለአየሩ የሚያስረክብበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

በከተማ መንገድ የጤነኛ መኪና ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በታች ነው የሚውለው። ተራ ሸራ መያዝ የሚቀንሰው 300ን ሲያልፍ ነው። በመካከል ሰፊ ሜዳ አለ። አዳማ ከተማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ እየቆመ እየሄደ ለሚውል ሰው ሽፋኑ የሚጨምረው ሙቀት እዚያ ሜዳ ውስጥ ይጠፋል።

አሁን ወደ አሰላ መንገድ እንምጣ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ ከ1,600 እስከ 1,700 ባለው ውስጥ። ልዩነቱ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 75 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ሲከፋፈል አማካይ ተዳፋቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። የጎማ መንከባለል ብቻውን ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ተዳፋት ይበላል፤ የአየሩ ግፊት ሲጨመር የቁልቁለቱ ጉልበት በአመዛኙ ያልቃል። በእርግጥ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ አንድ ወጥ አይደለም። ቁልቁል የሚጠናበት ቦታ አለ፤ ኢተያና ዴራ ስትገቡ ለባጃጅና ለከብት ትይዛላችሁ። ቢሆንም በዚህ መንገድ ጤነኛ ፍሬን ፕላስቲክ እስከሚያለሰልስ ድረስ ሊግል አይገባም። የባለጋራዡን ጥርጣሬ የማምንበት ለዚህ ነው።

የያዘ ፍሬን ምን ያህል ክፉ እንደሆነም በቁጥር እዩት። አንድ ጎማ ላይ 10 ኪሎ ያህል የሚጎትት ኃይል ቢቀር ሹፌሩ ላያውቀው ይችላል፤ መኪናዋ ትንሽ የከበደች ይመስለዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ግን ይህ ወደዚያ ዲስክ ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ያለማቋረጥ ያፈሳል። ይህም በየ50 ሴኮንዱ ከ80 እየቆሙ ከመነሳት እኩል ነው።

ዲዛየር ነጂ፦
በጣም ግሩም ማብራሪያ ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሽፋኑ ቀዳዳ አለው። የኔ ዲዛየር ከፋብሪካ ከሽፋኑ ጋር ነው የመጣችው። ቀዳዳ ያለውና የሌለው ልዩነት አላቸው? የገበያዎቹ ደግሞ ቀዳዳ የሚመስል ጥቁር ቀለም ብቻ የተቀቡ አሉ።

ቁጥር ወዳዱ፦
እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የጠየቅሽው።

የፊት ዲስክ በአብዛኛው ሁለት ገጽ ሆኖ በመካከሉ ክፍተት አለው። ሲሽከረከር ከመሃል በኩል፣ ብዙ ጊዜም ከውስጥ ከሞተሩ ጎን፣ አየር ይስብና በጠርዙ ያወጣዋል። የወጣው ትኩስ አየር ከቸርኬው ውስጥ መውጫ ይፈልጋል። ከፊሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ከፊሉ በቸርኬው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣል። ሽፋን የሚዘጋው ይህን ሁለተኛውን በር ነው። የመጀመሪያው በር ክፍት ስለሆነ ፍሬን ሙሉ በሙሉ «አይታፈንም»፤ ቃሉ ትንሽ ተጋኗል።

የብረት ቸርኬ ደግሞ ራሱ ቀዳዳው ትናንሽ ነው። ሽፋኑን አውልቀሽ ብታዪው በዙሪያው ጥቂት ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው ያሉት። ከፋብሪካ የሚመጣ ሽፋን ክፍተቱ ከእነዚያ ቀዳዳዎች ጋር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከቸርኬውም ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነቱ ሽፋን የሚጨመረው ሙቀት ጥቂት ነው። ቀዳዳው በቀለም ብቻ የተመሰለው፣ ደረቱ ሙሉ የሆነው የገበያ ሽፋን ግን በሩን በትክክል ይዘጋል። ልዩነቱ የሚወጣው ረጅምና ቁልቁል መንገድ ላይ ነው፤ በተለይ ቀስ ብሎ በሚወረድበት፣ ነፋሱ ደካማ በሆነበት።

ቪትዝ ዘአዳማ ሽፋኑ ሰርጉዶ ያገኘው ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ መሆኑንም ልብ በሉልኝ። መኪና ሲሄድ ነፋስ ሽፋኑን ያቀዘቅዘዋል። ስትቆም ነፋሱ ይቋረጣል፤ የዲስኩ ሙቀት በሞዞውና (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት ክፍል ነው) በቸርኬው በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይመጣል፤ ፕላስቲኩ ያን ጊዜ ነው የሚለሰልሰው። ብዙ ሽፋኖች የሚሠሩበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ 100 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። የሰረጎደ ሽፋን «አፍኛለሁ» ሳይሆን «ከኋላዬ የሚነድ ነገር አለ» ነው የሚለው።

የወንጂ ልጅ፦
እሺ፣ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ግን የውድድር መኪናዎች ፍሬናቸውን ለማቀዝቀዝ የማያደርጉት የለም። ሽፋን ጉዳት ከሌለው ለምን አይገጥሙም?

ቁጥር ወዳዱ፦
ገጥመው ያውቃሉ፤ ያውም ለማቀዝቀዝ ብለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፖርሽ 935 የተባለው የውድድር መኪና ቸርኬው ላይ እንደ ማራገቢያ ምላጭ የተቆረጠ ሽፋን ነበረው፤ ጎማው ሲሽከረከር ትኩሱን አየር ከፍሬኑ አካባቢ እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋ ነበር። ፎርሙላ ዋንም እ.ኤ.አ. በ2022 የቸርኬ ሽፋንን በደንቡ ውስጥ መልሶ አስገብቷል፤ እዚያ ዓላማው ከጎማው የሚወጣው አየር ከኋላ የሚከተለውን መኪና እንዳይረብሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሽፋን አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ አየሩን ወዴት ይመራዋል ነው።

ኤሌክትሪክ በአዳማ፦
እኔም የምጨምረው አለ። የምነዳው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4 ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ደረቱ የተዘጋ ነው፤ ምክንያቱም አየር ሲቀዝፍ የሚባክነው ጉልበት ትልቅ ክፍሉ ከጎማዎቹ አካባቢ ስለሚመጣ፣ መዝጋቱ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን ርቀት ይጨምራል። መኪናው ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፣ የኋላ ፍሬኑ ደግሞ ታምቡር። ሰው ሲያየው «ይህ ሁሉ ክብደት፣ ይህ ሁሉ የተዘጋ ቸርኬ፣ እንዴት አይግልም?» ይለኛል። የማይግለው እግሬን ከነዳጁ ፔዳል ሳነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልሰው ነው። ሸራው የሚሠራው የሞተሩ መያዝ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎች ይህን እንዲያውቁ ነው። ባትሪው እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ከፍታ ላይ ካለ ከተማ ቁልቁል ብትነሱ፣ የሚመለሰው ጉልበት ማረፊያ የለውም። ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ሸክሙ በሙሉ ወደ ሸራውና ወደ ዲስኩ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ክብደቱም የተዘጋው ቸርኬም ይቆጠራሉ። አሰላ አድሬ ስመለስ 85 በመቶ ላይ ቻርጁን አቋርጣለሁ። ቁልቁለቱ ትንሽ ይሞላልኛል።

አባዱላ ሹፌር፦
ሃይሩፍ ነው የምነዳው፣ ሰው ጭኜ። ስለ ሽፋን ያላችሁት ትክክል ነው፤ ግን ፍሬን የሚገድለው የሰው እግር ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገው «ነዳጅ ልቆጥብ» የሚሉ አሉ፤ ይህን ነገር እባካችሁ ተዉ። አሁን ያሉት መኪናዎች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን አያቆምም። ስለዚህ አትቆጥቡም፤ ፍሬኑን ግን ብቻውን ትተዉታላችሁ።

የአውቶማቲክ መኪና ነጂዎች ደግሞ ከ«ዲ» በታች ያሉትን «ኤስ»፣ «ቢ»፣ «2»፣ «ኤል» የተባሉትን እንደ ጌጥ የሚያዩ አሉ። ለቁልቁለት ነው የተቀመጡት። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት አስገቡ፤ ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ አይደለም።

ሌላው፣ ፍሬን ቀስ አድርጎ ረግጦ ያለማቋረጥ መውረድ ነው። ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ለቆ ማስተንፈስ ይሻላል። ወርዳችሁ አዳማ ስትገቡም በቀጥታ ላቫጆ አትግቡ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በግፊት ሲረጭ እንፋሎቱ ፉ ሲል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ መሪው በፍሬን ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ባለቤቱ ራሱ ነገረኝ። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፍሬን ሳትነኩ ዞር ዞር በሉ። ዲስኩ የሚቀዘቅዘው በመሄድ ነው።

ዲዛየር ነጂ፦
አባዱላ ሹፌር፣ በክረምት ወደ ጎጃም ልንሄድ አስበናል። ዓባይ በረሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምነዳው። ሽፋኑን ላውልቀው?

ቁጥር ወዳዱ፦
እንዲያወልቁት የምመክረው መንገድ ቢኖር ይህ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ። አማካይ ተዳፋቱ 7 በመቶ ነው፤ ከአሰላው ጋር አይነጻጸርም። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትወርድ፣ መንከባለሉና አየሩ የሚበሉት ተቀንሶ 7 ኪሎ ዋት ገደማ የሚይዘው ይፈልጋል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይል ጎማዎቹ ላይ ተጥዶ እንደማለት ነው። ሸክሙን ለፍሬን ብቻ ብትሰጪው ሽፋን ኖረም አልኖረም አደጋ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ ከበዛው ያሳርፍሻል። ሽፋን ማውለቅ ከማርሹ ቀጥሎ የሚመጣ ትንሽ ጥቅም ነው፤ በማርሹ ፈንታ የሚሠራ አይደለም።

አባዱላ ሹፌር፦
ልክ ነው። እህቴ፣ እኔ የምጨምርልሽ ምልክቱን ነው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን አልይዝ ካለች ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ይህኛው የባሰ ነው። በሁለቱም ጊዜ ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቢ፣ መቆሚያ ፈልጊ። ፔዳሉ ከሰመጠ ደግሞ ደጋግመሽ ርገጪው፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ከቆምሽ በኋላ ዲስኩ ላይ ውኃ እንዳታፈሺ፤ ጊዜ ስጪው።

ቪትዝ ዘአዳማ፦
ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። የፊት ቀኙን በክሪክ አንስቼ በእጄ ሳሽከረክረው ዞረ። ባለቤቴ ፍሬን ረግጣ ስትለቅ ግን ግማሽ ዙር እንኳን አልሄደም፤ ሸራው ዲስኩን ሲፍቅ ይሰማል። ግራው በነፃ ይዞራል።

ጋራዥ ወሰድኳት። የታችኛው ፒን ላስቲክ ተቀዷል። መካኒኩ ፒኑን በመዶሻ መትቶ ነው ያወጣው፤ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ዝገት ነው፣ ግሪሱ ደርቆ እንደ ጥቁር ዱቄት ሆኗል። የውስጡ ሸራ ከብረቱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ የውጭው ገና ወፍራም ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የሆነ ቀለበት አለ። ሁለቱም ፒኖች፣ ላስቲኮቹና የሁለቱም ወገን ሸራ ተቀየሩ።

ከዚያ በኋላ ከአሰላ ስመለስ ሙቀቱን ልለካ ብዬ በኮቪድ ጊዜ የገዛነውን ግንባር የሚለካ መሣሪያ ብሞክር ቁጥር አልሰጥ አለ። ከአንድ ባለሙያ የኢንዱስትሪ መለኪያ ተውሼ አዳማ እንደገባሁ ለካሁ። ግራና ቀኙ ተቀራራቢ ነው። በአንድ በኩል ሽፋኑን አውልቄ፣ በሌላው ትቼ ሞከርኩ፤ ያለው በኩል ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ፍሬን ይዞ በነበረ ጊዜ ከነበረው ጋር በጭራሽ አይወዳደርም።

ቁጥር ወዳዱ፦
ደስ ይላል። ስለ መለኪያው ሌሎችም ይጠቀሙበት። የግንባር መለኪያ የተሠራው ለሰው ሰውነት ሙቀት ብቻ ነው፤ ከ40ዎቹ ዲግሪ መጀመሪያ በላይ ስህተት ይላል። የኢንዱስትሪው ይሠራል፤ ግን የሚያብረቀርቀው የዲስክ ገጽ ላይ ስታነጣጥሩት ከእውነተኛው ሙቀት ያነሰ ያነባል፤ ምክንያቱም የተወለወለ ብረት ጨረር የሚሰጠው በጥቂቱ ነው። የዛገውን የዲስኩን ጠርዝ ወይም መሃሉን ለኩ። ከሁሉም በላይ ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ ቁጥሩ ባይታመን እንኳን ልዩነቱ ይታመናል።

የወንጂ ልጅ፦
የፍሬን ዘይት ይፈላል የተባለው አሳሰበኝ። የኔ መቼ እንደተቀየረ አላስታውስም። በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?

ባለጋራዡ፦
እንደ ዓይነቱ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ 230 ይችላል። ዘይቱ ግን እርጥበት ከአየር ይጠጣል። እርጥበት ሲገባበት ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። እንግዲህ ያረጀ ዘይት ይዞ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ስለ ቸርኬ ሽፋን መጨነቁ ከንቱ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። መክደኛውን ከፍተህ ቀለሙን እየው፤ አዲስ ሲሆን እንደ ቀጭን ማር ነው፣ ጠቁሮ ካገኘኸው ጊዜው አልፏል። ቀለሙ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ግን አትመነው፤ ውኃው አይታይም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳን እዚያ ውስጥ እንዳይገባ፤ ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ያበላሻል። ለፒኖቹም የኩሽኔታ ግሪስ አትቀቡ፣ በዚሁ ምክንያት። ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ለብቻው ይሸጣል።

ቪትዝ ዘአዳማ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። የተበላሸውን ሽፋን ልተካ? ባለቤቴ ባዶውን ብረት አልወደደችውም።

ባለጋራዡ፦
ግጠም፣ ማን ከለከለህ። ስትገዛ ግን ጀርባውን ገልብጠህ እየው። ቀዳዳው በእውነት የተበሳ ይሁን፤ ጣትህ ይለፍበት። የንፋስ መሙያው ቦታ ተለይቶ የተቆረጠለትን ምረጥና ስትገጥም ከንፋስ መሙያው ጋር አገጣጥመው፤ አለበለዚያ ሽፋኑ እየዞረ ላስቲኩን ይቆርጠዋል። እንዳይሰረቅ ብለው በሽቦ ጠፍረው የሚያስሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሽቦው ንፋስ መሙያውን ይበላል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለቤቱ ማውለቁ ስለሚያስቸግረው ቡሎኖቹን አያይም። በስተጀርባው ቡሎን የላላባቸው፣ ከፍሬኑ ዘይት ቸርኬው ላይ የፈሰሰባቸው መኪናዎች ገጥመውኛል፤ ከውጭ ሽፋኑ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጎማ ንፋስ በምታስሞላ ቁጥር አውልቀው፣ ቡሎኖቹን በቁልፍ ንካ፣ የቸርኬው ውስጥ እርጥብ መሆን አለመሆኑን እይ፣ መልሰህ ግጠም። ወደ ሩቅ ቁልቁለት ስትሄድ አራቱንም አውልቀህ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስቀምጣቸው።

ዲዛየር ነጂ፦
እኔም ዛሬውኑ አውልቄ አየሁ። ከኋላ በግራ በኩል አንድ ቡሎን የለም። ነገ ጠዋት ጎሚስታ ጋ እሄዳለሁ።

ባለጋራዡ፦
እስከዚያ ከተማ ውስጥም ቢሆን አትንጃት፣ ልጄ። ሌሎቹም ላልተው ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ በቁልፍ አጥብቂያቸው። ክሩ የተበላ ከሆነ ቡሎኑ ብቻ ሳይሆን የሞዞው ጥርስም ይታይልሽ።